ተጫዋቹን የሚያግደው ማን ነው? ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ቅጣቶች

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ16 ዓመት ልጄ በሃይስኩሉ ቡድን ላይንባከር (ተከላካይ) ሆኖ ይጫወታል። ኮሌጅ ገብቶም መጫወት ይፈልጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናያለን። እኔ ግን ቅጣቱ ሊገባኝ አልቻለም። አንዱ ፊርማውን ሸጠ ተብሎ 4 ጨዋታ ይታገዳል። ሌላው የሰው ዓይን ውስጥ ጣቱን ሰድዶ ግማሽ ጨዋታ ይባላል። አንዱ ደግሞ ተጋጨ ተብሎ የሚቀጥለው ትልቅ ጨዋታ ያመልጠዋል። የሚወስነው ማን ነው? ይሄ ፍትሕ ነው?»

ምላሽ፦

የጠቀሷቸው ሦስቱም ቅጣቶች በእውነት የተላለፉ ናቸው። ሦስቱንም ግን የወሰነው አንድ አካል አይደለም። ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው፤ ከዚያው ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል አንድ ተጫዋች በአራት በኩል ሊታገድ ይችላል። በጨዋታ መሃል የሠራውን ጥፋት ዳኞች በጨዋታው ሕግ ይቀጣሉ። ድብድብና የመሳሰለውን ቡድኑ ያለበት ኮንፈረንስ፣ ማለትም እንደ ቢግ ቴን ወይም ኤስኢሲ ያለው ማኅበር፣ ያየዋል። ገንዘብ (ቢያንስ እስከ 2025)፣ ኤጀንትና አበረታች መድኃኒት የኤንሲኤኤ ጉዳይ ነው፤ እሱ ብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነው። የቀረው ሁሉ፣ ስካርም ይሁን ስርቆት፣ ሰው መምታትም ይሁን ከልምምድ መቅረት፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለአሰልጣኙ የተተወ ነው። አራቱ አንድ የጋራ የቅጣት ሰንጠረዥ የላቸውም። ስለዚህ የአንዱን 4 ጨዋታ ከሌላው ግማሽ ጨዋታ ጋር ስናስተያይ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ዳኞችን ፍርድ ነው የምናስተያየው።

የቅጣቱን ክብደትም እንወቀው። መደበኛው የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ ብቻ ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 38 ጨዋታ አለው። እዚያ ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች 3 ጨዋታ ቢታገድ የዓመቱን 8 ከመቶ ያህል ያጣል። የኮሌጁ ልጅ ያንኑ 8 ከመቶ የሚያጣው በአንድ ጨዋታ ነው። 4 ጨዋታ የዓመቱ ሲሶ ነው። የመጫወቻ ዘመኑም በተለምዶ ከ4 ዓመት አይበልጥም። በዚህ ስፖርት «ትንሽ እገዳ» የሚባል ነገር የለም።

ልጅዎ ላይንባከር ስለሆነ መጀመሪያ ስለ ታርጌቲንግ እንነጋገር። እሱን የሚያሰጋው ይሄ ነው። ሕጉ ሁለት ነገር ይከለክላል። አንደኛ፣ በሄልሜት አናት አነጣጥሮ ተቃራኒን በኃይል መግጨት። ሁለተኛ፣ ራሱን ሊከላከል የማይችል ተጫዋችን፣ ለምሳሌ ኳስ ሊይዝ የዘለለን ወይም ኳስ ገና የወረወረን፣ ጭንቅላቱ ወይም አንገቱ አካባቢ በኃይል መምታት። በ2008 ሲመጣ ቅጣቱ ቡድኑን 15 ያርድ ማስቀጣት ብቻ ነበር። በ2013 ከሜዳ መባረር ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ፣ ቢያንስ እስከ 2025 ድረስ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ያጠፋ የዚያን ቀን ቀሪ ጨዋታ ያጣል። በሁለተኛው አጋማሽ ያጠፋ ደግሞ የዕለቱን ቀሪ ጨዋታና የሚቀጥለውን ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ ያጣል።

እዚህ ላይ ሰዓት ይዘው ቢያሰሉት ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ያጠፋ ተጫዋች 59 ደቂቃ ያጣል። በሁለተኛው ሩብ ማብቂያ ላይ ያጠፋ 30 ደቂቃ። ከእረፍት መልስ ወዲያው ያጠፋ ግን የዕለቱን 30 ደቂቃና የሚቀጥለውን 30 ደቂቃ፣ በድምሩ 60 ይከፍላል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ቅጣቱ ግን ሰዓቱን እያየ እጥፍ ይሆናል። ይሄ የሕጉ ትልቁ ድክመት ነው ብዬ አምናለሁ።

የዴቪን ዋይት ጉዳይ ከዚህ የመጣ ነው። በኦክቶበር 2018 የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲው (ኤልኤስዩ) ላይንባከር ዋይት ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር ሲጫወቱ በአራተኛው ሩብ ኳስ ወርዋሪውን፣ ማለትም ኳርተርባኩን ኒክ ፊትዝጀራልድን መታው። ኳሱ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ታርጌቲንግ ተባለ። ኤልኤስዩ የዚያን ቀን ጨዋታ አሸንፏል፤ የሚቀጥለው ግን ያልተሸነፈው አላባማ ነበር። ዋይት የመጀመሪያውን አጋማሽ ቁጭ ብሎ ተመለከተ። በእረፍት ሰዓት 16 ለ 0፣ በመጨረሻ 29 ለ 0 ተሸነፉ። ከጨዋታው በፊት ደጋፊዎች ዋይት ነፃ ይውጣ የሚል ማስታወቂያ በአላባማዋ በርሚንግሃም በትልልቅ ሰሌዳ ላይ ሰቅለው ነበር። የሉዊዚያናው የፖለቲካ ሰው ጄምስ ካርቪል ሳይቀር ኮንፈረንሱ ለአላባማ ያዳላል ብሎ ጻፈ።

አድልዎ የሚለውን ክስ እኔ አልቀበለውም። ሕጉ የሚቀጥለው ተጋጣሚ ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ደካማ ቡድን ቢሆንም ቅጣቱ ያው ነበር። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ያኔ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ጨዋታ የሌለበት ሳምንት በመሃል ስለነበረ ቪዲዮውን በሰከነ መንፈስ ለማየት ሁለት ሳምንት ሙሉ ጊዜ ነበር። ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ግን በሕጉ ውስጥ አልተቀመጠም። ይሄ በከፊል የተስተካከለው በ2022 ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በሁለተኛው አጋማሽ የተባረረ ተጫዋች ካለ ኮንፈረንሱ ጉዳዩን ለብሔራዊው የዳኞች አስተባባሪ መላክ ይችላል። ግልጽ ስህተት ከተገኘ ልጁ የሚቀጥለውን ጨዋታ ከመጀመሪያው ይጫወታል።

እንግዲህ ብዙ ሰው የማይስማማበትን ልናገር። በኮሌጅ ፉትቦል ካሉት እገዳዎች ሁሉ ለፍትሕ የሚቀርበው ታርጌቲንግ ነው። ኮከቡንም ተቀያሪውንም እኩል ይነካል። የሚወስኑት ዳኞች ቡድኑ ቢያሸንፍ ባያሸንፍ የሚያገኙት ነገር የለም። እያንዳንዱ ውሳኔ በቪዲዮ ይታያል። ስህተቱም በየጊዜው ይታረማል። በ2013 ቪዲዮው ተጫዋቹን ነፃ ቢያወጣው እንኳ 15 ያርዱ ይቀር ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ይህ ተሻረ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የጥፋቱ መመዘኛዎች ሁሉ በቪዲዮ ካልተረጋገጡ ተጫዋቹ አይባረርም፤ በጥርጣሬ የሚጸና ውሳኔ ቀረ። በዚያው ዓመት በአንድ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ጊዜ ያጠፋ አንድ ጨዋታ ሙሉ እንዲታገድ ተወሰነ።

ይህ ሲባል ክርክሩ አለቀ ማለት አይደለም። በ2019 መጨረሻ ፊየስታ ቦውል በተባለው የዓመት ማብቂያ ትልቅ ጨዋታ ኦሃዮ ስቴት ክሌምሰንን 16 ለ 0 እየመራ ሳለ የኦሃዮ ስቴቱ ተከላካይ ሾን ዌድ የክሌምሰኑን ኳርተርባክ ትሬቨር ሎውረንስን መትቶ ተባረረ። ጨዋታው ተገልብጦ ክሌምሰን 29 ለ 23 አሸነፈ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በፒች ቦውል የአሪዞና ስቴት ኳስ ተቀባይ በቴክሳስ ተከላካይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ሲመታ ዳኞቹ ቪዲዮውን አይተው ታርጌቲንግ አይደለም አሉ። ቴክሳስ በሁለት ተጨማሪ ጊዜ 39 ለ 31 አሸነፈ። በሁለቱም ቀን የተናደደ ሕዝብ ነበረ። ግን ንዴቱ በምን ላይ እንደሆነ ይታወቃል። ቪዲዮው አለ፣ ሕጉ አለ፣ ማንም ሰው አስተያይቶ መከራከር ይችላል። ከዚህ በታች ባሉት እገዳዎች ይህ እንኳ የለም።

ወደ ዓይኑ ጉዳይ እንሂድ። 2009ን ብቻ ብንወስድ ይበቃል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የኦሪገኑ ሌጋሬት ብላንት ቡድኑ በቦይሲ ስቴት ተሸንፎ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጋጣሚውን በቡጢ መታ። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ለዓመቱ በሙሉ አገደው። በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ የፍሎሪዳው ብራንደን ስፓይክስ በጨዋታ መሃል የጆርጂያውን ሯጭ በሄልሜቱ ቀዳዳ በኩል ዓይኑን ሊጎረጉር እጁን ሲሰድ ቴሌቪዥን ቀረጸው። አሰልጣኙ ኧርበን ማየር የቀጣው በግማሽ ጨዋታ ነበር፤ ያውም ከቫንደርቢልት ጋር። ጩኸቱ ሲበዛ ስፓይክስ ራሱ ሙሉውን ጨዋታ ልቀመጥ ብሎ ጠየቀ። ብላንትም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አልታገደም። ቅጣቱ በኖቬምበር ተነሣለት፣ በዲሴምበር ሜዳ ገባ፣ ሮዝ ቦውልንም ተጫወተ።

ሁለቱን ሳያቸው የትኛው ጥፋት ይብሳል ብሎ የመዘነ ሰው አላይም። የብላንት ቡጢ አገር ሁሉ እያየ፣ ልክ ከሽንፈት በኋላ፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ የመጣ ነው። ስፓይክስ ደግሞ የሻምፒዮኑ ቡድን የመከላከል መሪ ነበር፤ ፍሎሪዳም እስከዚያ ቀን አልተሸነፈችም። የፈረደው በሁለቱም በኩል የተጫዋቹ የራሱ ቡድን ነው። ደመወዙና ቦነሱ በማሸነፍ ላይ የተንጠለጠለ አሰልጣኝ ምርጥ ተጫዋቹን በምን ልቡ በትክክል ይመዝነዋል? ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ማንም ሰው በዚያ ወንበር ሊቀመጥ አይገባም ነው የምለው።

የባሰው የሚመጣው ጥፋቱ ከሜዳ ውጭ ሲሆን ነው። በ2014 የኦክላሆማው ጆ ሚክሰን አንዲት ወጣት ሴት ፊቷ ላይ መታ። ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ስኮላርሺፑ ግን አልተነካም፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ተጫወተ። የድርጊቱ ቪዲዮ ለሕዝብ የወጣው በዲሴምበር 2016 ነው። ያኔ አሰልጣኙ ቦብ ስቱፕስ እንዲህ ያለ ድርጊት ዛሬ ቢፈጸም ከማባረር ሌላ ቅጣት እንደማይኖረው ተናገረ። ከ2014 እስከ 2016 ድርጊቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ሕዝብ ማየቱ ነው። ቅጣት ማን አየ በሚለው የሚለካ ከሆነ ለተመታችው ልጅ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?

በዚያው በ2014 የፍሎሪዳ ስቴቱ ጄሚስ ዊንስተን በግቢው ውስጥ ነውረኛ ቃል ጮሆ ተናገረ። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ከክሌምሰን ጋር ካለው ጨዋታ ግማሹን አገደው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ሌሊት፣ ሙሉ ጨዋታ ነው ተባለ። የአደባባዩ ጩኸት ግን በመሃል በርትቶ ነበር።

ኮንፈረንሶቹም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። በ2022 በሚሺጋን ስታዲየም መውጫ ላይ የሚሺጋን ስቴት ተጫዋቾች ሁለት የሚሺጋን ተጫዋቾችን ደበደቡ። ስምንት ልጆች ታገዱ፣ አንዱ የሚቀጥለውን ዓመት 8 ጨዋታ ጭምር አጣ። በኖቬምበር 2024 ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴት ከጨዋታ በኋላ በጅምላ ተደባደቡ፤ ፖሊስ የሚያቃጥል ርጭት እስከመጠቀም ደረሰ። ቢግ ቴን ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸውን በ100,000 ዶላር ቀጣ፤ አንድም ተጫዋች አላገደም። የመጀመሪያው ድብደባ ከብዶ የወንጀል ክስም እንዳስከተለ አውቃለሁ። ቢሆንም ከስምንት ወደ ዜሮ የሚያወርድ ልዩነት ነው ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ በደል የምለው ይሄን ነው።

እስከ 2021 ድረስ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙ አንድ ዶላር ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። በ2010 የጆርጂያው ኤ.ጄ. ግሪን የለበሰውን ማሊያ በ1,000 ዶላር ሸጠ። 4 ጨዋታ ታገደ። ቡድኑ ከአራቱ ሦስቱን ተሸነፈ። ልጁ በዚያ ምክንያት ተቀምጦ ሳለ የእሱን ቁጥር 8 ማሊያ ዩኒቨርሲቲው ለደጋፊ ይሸጥ ነበር። በ2014 እዚያው ጆርጂያ ቶድ ገርሊ በሁለት ዓመት ውስጥ በፊርማው ከ3,000 ዶላር በላይ አገኘ ተባለ። የውድድር ዘመኑ 30 ከመቶ ማለትም 4 ጨዋታ ተፈረደበት፤ ዩኒቨርሲቲው ይግባኝ ቢልም ተቀባይነት አላገኘም። እርስዎ የጠየቁኝ እሱን መሰለኝ። በኖቬምበር 15 ተመልሶ ከኦበርን ጋር ተጫወተ። 138 ያርድ ሮጠ። በዚያው ጨዋታ በአራተኛው ሩብ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የኮሌጅ ሕይወቱ በዚያ አበቃ።

ከእሱ አንድ ዓመት በፊት የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤሙ ጆኒ ማንዚየል፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው የሃይዝማን ዋንጫ ባለቤት፣ በብዙ ፊርማ ተጠርጥሮ ነበር። ገንዘብ ስለመቀበሉ ማስረጃ አልተገኘም ተባለ። ቅጣቱ ከራይስ ጋር በተደረገው የዓመቱ መክፈቻ የመጀመሪያው አጋማሽ ሆነ። በሁለተኛው አጋማሽ ገብቶ ተጫወተ። በ2010 ደግሞ የኦበርኑ ካም ኒውተን አባት ልጁን ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ለማስፈረም ገንዘብ ጠይቀው ነበር። ኒውተን አያውቅም ነበር ተብሎ በአንድ ቀን ታግዶ በማግስቱ ተለቀቀ። ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ደረሰ፣ ሃይዝማንን ወሰደ፣ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። አባት ባጠፋ ልጅ አይቀጣ የሚለው ትክክል ነው። ጥያቄዬ ይህ ለስላሳ ልብ ለሌሎቹ ለምን አልተገኘም የሚል ነው። ዴዝ ብራያንት ከኦክላሆማ ስቴት በ2009 የቀረውን ዓመት ሙሉ ያጣው ከቀድሞው የፉትቦል ኮከብ ዲዮን ሳንደርስ ጋር ስለመገናኘቱ ለመርማሪ ስለዋሸ ነው። መገናኘቱ ራሱ ጥፋት አልነበረም። ልጁ ፈርቶ ነው የዋሸው።

የኦሃዮ ስቴት ታሪክ ግን ሁሉንም ይገልጸዋል። በዲሴምበር 2010 ኳርተርባኩ ቴሬል ፕራየርና አራት ጓደኞቹ የተሸለሙትን ቀለበትና ማሊያ ሸጠዋል፣ በቅናሽ ንቅሳትም አግኝተዋል ተብሎ የ2011ን 5 ጨዋታዎች ታገዱ። በመሃሉ ሹገር ቦውል ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደረግ፣ ብዙ ገንዘብ ያለበት ጨዋታ ነው። ኤንሲኤኤ እሱን እንዲጫወቱ ፈቀደ፤ ስለ ሕጉ በቂ ትምህርት አልተሰጣቸውም የሚል ምክንያት አቀረበ። ተጫወቱ። አርካንሶን 31 ለ 26 አሸነፉ። በመጨረሻው ደቂቃ ኳሱን ነጥቆ ጨዋታውን የዘጋው ሰለሞን ቶማስ ነው፤ ከታገዱት አምስቱ አንዱ። ኋላ ላይ አሰልጣኙ ጂም ትሬሰል ነገሩን ለወራት አውቆ መደበቁ ወጣ፣ ሥራውን ለቀቀ፣ ድሉም ተሰረዘ። ጥፋቱ 5 ጨዋታ የሚያስቀጣ ከሆነ ሹገር ቦውልንም ያስቀጣል። ሕጉን አለማወቃቸው ይቅርታ የሚያሰጥ ከሆነ ደግሞ ሴፕቴምበር ላይም ያሰጣል። ቀን ተመርጦ የሚፈጸም ቅጣት የተጫዋቹን ጥፋት አይደለም የሚመዝነው፤ የጨዋታውን ገቢ ነው።

በ2019 እንኳ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቼስ ያንግ ከቤተሰብ ወዳጅ የተበደረውንና ሙሉ በሙሉ የመለሰውን ገንዘብ ምክንያት አድርገው 2 ጨዋታ ወሰዱበት። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፣ በጁን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአልስተን ጉዳይ በ9 ለ 0 ድምፅ በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። ከጁላይ 1 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲነግዱ ተፈቀደ። በጁን 2025 ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ በቀጥታ እንዲከፍል መንገድ ተከፈተ። ግሪንና ገርሊ የተቀጡበት ነገር ዛሬ መደበኛ ሥራ ነው። በገንዘብ ጉዳይ ዋንጫውን አጥቶ የነበረው የቀድሞ ተጫዋች ሬጂ ቡሽም ሃይዝማኑ በ2024 ተመለሰለት። የተወሰዱባቸውን ጨዋታዎች ግን የሚመልስ የለም።

«ታዲያ ለምን ፍርድ ቤት አይሄዱም?» ይሉኝ ይሆናል። በሥራዬ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ ጄሪ ታርካኒያን ጉዳይ በ5 ለ 4 ድምፅ ኤንሲኤኤ የመንግሥት አካል አይደለም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ መንግሥትን የሚያስገድደው የመሰማት መብት እሱን አያስገድደውም። የታገደ ልጅ ከአንድ ዳኛ የእግድ ትእዛዝ ቢያወጣና ቢጫወት፣ ትእዛዙ በኋላ ሲሻር ዩኒቨርሲቲው ድሉንና ገንዘቡን ሊያጣ የሚችልበት ደንብም አለ። ይህ ደንብ ዩኒቨርሲቲዎችን ያስፈራል፤ ፍርድ ቤት የፈቀደለትን ልጅ እንኳ ላለማሰለፍ ያመነታሉ። ጊዜም አለ። እገዳው የሚፈጸመው ቅዳሜ ነው፤ ክርክሩ ወራት ይፈጃል።

በባለሙያዎቹ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የተጫዋቾች ማኅበር አለ። በጨዋታ ላይ ለሚጣል ቅጣት ይግባኝ የሚሰሙትን ሰዎች ሊጉና ማኅበሩ አብረው ይሾማሉ። የኮሌጅ ተጫዋቾች ይህ የላቸውም። በ2014 የኖርዝዌስተርን ልጆች ማኅበር ለማቋቋም ሞክረው ነበር። በ2015 የፌዴራሉ የሥራ ግንኙነት ቦርድ ጉዳዩን አላይም ብሎ ዘጋው። ለእኔ የችግሩ ሥር ይሄ ነው። ቅጣቱን የሚጽፈው፣ የሚከሰውና የሚፈርደው ዩኒቨርሲቲዎቹ ያቋቋሙት ወገን ነው። ልጁ በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር የለውም።

ቢጠይቁኝ የምለው ሩቅ አይደለም። ከ2 ጨዋታ በላይ የሆነ ማንኛውም እገዳ ከቡድኑም ከኮንፈረንሱም ነፃ በሆነ ሦስት ሰው ይሰማ። ተጫዋቹ ጠበቃ ወይም ተወካይ ይዞ ይቅረብ፤ አቅም ከሌለው ወጪው ይሸፈንለት። ውሳኔው በቀናት ውስጥ ምክንያቱ ተጽፎ ይውጣ፤ ስሙ ቢደበቅም ምክንያቱ ይታወቅ። እገዳው ከሚቀጥለው ጨዋታ ይጀምር፤ ማንም ቀን አይምረጥለት። ለታርጌቲንግ ደግሞ ቅጣቱ በደቂቃ ይሁን፤ መቼም ይጥፋ መች የሚያጣው 30 ደቂቃ ይሁን፣ ከዚያ ቀን ያልበቃው ወደሚቀጥለው ይሻገር። ዳኞች ለቀልድ አልመጡም፣ የልጆቹን ጭንቅላት ሊያድኑ ነው፤ ሕጉ ጥብቅ ሆኖ እንዲቆይም እንዲስተካከልም እፈልጋለሁ።

ለልጅዎ ደግሞ ከአሁኑ ሊጠቅሙት የሚችሉ ነገሮች አሉ።

ሲያስጥል አናቱን ዝቅ አያድርግ። ፊቱን ቀና አድርጎ፣ በትከሻ፣ ከደረት በታች። ይህ ቅጣትን ብቻ ሳይሆን አንገቱንም ያተርፍለታል። ኮሌጅ ገብቶ የሚለምደው ሳይሆን አሁን ሰውነቱ የሚለምደው ነገር ነው። የሃይስኩል አሰልጣኙን በቪዲዮ አብረን እንየው ይበሉት።

ሰፕልመንት የሚባል ነገር የቡድኑ ሐኪም ሳያየው አይቅመስ። በዲሴምበር 2018 ሦስት የክሌምሰን ተጫዋቾች ኦስታሪን የተባለ የተከለከለ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ተገኘባቸው። ከየት እንደገባ አናውቅም አሉ። ቡድናቸው ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነበት ውድድር አመለጣቸው፣ ለአንድ ዓመት ታገዱ፣ የሁለቱ ይግባኝም በሚቀጥለው ሜይ ውድቅ ሆነ። በዚህ ጉዳይ ኤንሲኤኤ ሆን ብለህ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ በሰውነትህ ተገኝቷል፣ ያ ብቻ ይበቃል። ማሪዋና በ2024 በዲቪዥን 1፣ ማለትም በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ከኤንሲኤኤ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል ወጥቷል ብሎ መዝናናት አይገባም።

ገንዘብ ከመጣም ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። በዲቪዥን 1 ከውጭ ድርጅት ጋር የሚደረግ 600 ዶላር የደረሰ ውል መመዝገብ አለበት። የሰፈር ሬስቶራንት ባለቤት ወዳጅዎ ቢሆንም፣ «ልጃችን ነው፣ ፎቶ ይነሳልን» ብሎ ገንዘብ ቢሰጥ፣ አስመዝግቡት። ልጅዎ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ከሌለው ደግሞ አንድ ሳንቲም ከመቀበሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ የሚያጣው ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አሰልጣኞቹ ልጁን ለመመልመል ቤታችሁ ሲመጡ ቡና አፍልታችሁ ታስተናግዷቸዋላችሁ፤ እነሱም ስለ ስታዲየሙና ስለ ስኮላርሺፑ ያወራሉ። ያኔ ሁለት ነገር ይጠይቁ። የቡድኑ የሥነ ምግባር ደንብ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይበሉ። ቀጥሎ፣ ልጄ ቢከሰስ ከዋናው አሰልጣኝ ሌላ ማን ይሰማዋል፣ ይግባኝስ ለማን ነው ብለው ይጠይቁ። «አይዞዎት፣ እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» የሚል መልስ ከሰጡ ደግመው ይጠይቁ። በኢሜይል ይላኩልኝ ይበሉ፤ ሳይልኩ ልጁ እንዳይፈርም።